የሐይቁ መርዶ

እኔ ውሃ የምወደው በብርጭቆ ሲሆን ብቻ ነው። ባለቤቴ ግን ጣና ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው ስለነበር፣ ውሃ ባየ ቁጥር ዘመድ እንዳገኘ ሰው ፊቱ ይበራ ነበር። ትዳራችን ግማሹ በዚህ የተነሣ ጭቅጭቅ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሌላው ባልና ሚስት ቅዳሜ እዚህ ኦሃዮ ሞርስ ሮድ ላይ ሲገበያይ፣ እኔ በወር አንዷን ቅዳሜ አንድ የመናፈሻ ሐይቅ ዳር ጫማዬን አርጥቤ ገመድ ስጎትት እውል ነበር።

የገመዱ ነገር እንዲህ ነው። ዜብራ መስል የሚባል ፍጥረት አለ። ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ነው፤ ቢያድግ ቢያድግ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ አይበልጥም፤ ጀርባው ዝንጉርጉር ነው። ከሩቅ አገር በመርከብ ሆድ ውስጥ በተጫነ ውሃ ተሳፍሮ መጣ ይላሉ። መጀመሪያ ታላላቆቹ ሐይቆች ገባ፣ ከዚያ በየጀልባው ሥር እየተለጠፈ ወደ ትንንሾቹ። የገባበትን ሐይቅ ድንጋዩን፣ ቧንቧውን፣ የአገሩን ዛጎል ሳይቀር ይለብሰዋል፣ የሌላውን ቀለብ ከውሃው አጣርቶ ይበላል። ከሁሉ የከፋው ግን አንዴ ከገባ አይወጣም። ስለዚህ ከተማው ዙሪያ ባሉ ሐይቆች ላይ ፈቃደኛ ሰዎች የፕላስቲክ ቧንቧ ቁርጥራጭ የተሰካበት ገመድ ውሃ ውስጥ ያንጠለጥላሉ፤ በየወሩም አውጥተው ያዩታል። ዛጎሉ ሕፃን ሳለ በዓይን አይለይም። ቧንቧው ላይ ከተለጠፈ ግን በጣት ሲዳሰስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ቧንቧው ከለሰለሰ፣ ስልክ ላይ ባለው ካርታ የእኛ ሐይቅ አረንጓዴ ነጥብ ሆና ትቆያለች። ከሻከረና ከተረጋገጠ ትቀላለች።

ባለቤቴን እዚህ ነገር ውስጥ ያስገባው እምቦጭ ነው። ታላቅ ወንድሙ እዚያው ጣና ዳር የቀረ ዓሣ አጥማጅ ነበር። እምቦጩ ሐይቁን እየሸፈነው ሲመጣ፣ ወንድምየው ከመንደሩ ሰው ጋር ወገቡ ድረስ ውሃ ገብቶ ሲነቅል የሚያሳይ ቪዲዮ ይልክልን ነበር። አንዱን ጥግ ነቅለው ሲጨርሱ ሌላው ጥግ ያብባል። አበባው ሐምራዊ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ያምራል። ይህን ስላልኩ ለሳምንት አኩርፎኛል። ዌርሃውስ ሥራው ላይ በእረፍቱ ሰዓት ሳይቀር ያንን ቪዲዮ እየደጋገመ ያያል፤ ከዚያ የራሱን እጅ ያያል። አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ ፈቃደኛ ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ አይቶ መጣ።

«ያንን በእጄ አልነቀልኩም። ይሄኛውን እንኳ ልጠብቀው» አለኝ።

እንዲህ ላለ ሰው ምን ይባላል? የጎማ ቦቲ ገዛሁለት። ለራሴ ግን አልገዛሁም፤ ከገዛሁ ወድጄ የምሄድ ይመስልብኛል ብዬ።

ማታ ማታ ካርታውን ትልቁ ስክሪን ላይ ከፍቶ ቀያዮቹን ነጥቦች ያሳየኝ ነበር። «እዪው እስቲ፣ ወንዙን አይደለም የተከተለው፤ ሃይዌዩን ነው። ሰው ጀልባውን ሳያደርቅ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ይጎትታል።» በጋ ላይ ጀልባ የሚወርድበት ቦታ ይቆምና መኪናውን ያቆመውን ፈረንጅ ሁሉ በትሕትና «ዲድ ዩ ድራይ ኢት?»፣ አድርቀኸዋል ወይ ይላል። አንዳንዱ ዘበኛ መስሎት መታወቂያ ያወጣለታል። እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ በሳቅ እፈርሳለሁ።

አንድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊያስረዳ ተነሣ። «መጤ ዝርያ» ብሎ ገና ከመጀመሩ፣ ጋሼ የምንላቸው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ «እኛንም ካርታ ላይ አስገባኸን እንዴ?» ብለው ሰዉን አሳቁበት። ይህን ቀልድ ከዚያ ወዲህ ስንቴ እንደሰማሁት! ባለቤቴ አልሳቀም። «ሰው ሰው ነው፣ ዛጎል ዛጎል ነው። ጀልባ ያላችሁ ብቻ አድርቁ» አለ። ከመካከላችን ጀልባ ያለው አንድም ሰው አልነበረም።

የስኳር በሽታው ዓይኑን እየጋረደው ሲመጣ ይተወዋል ብዬ ነበር። ጭራሽ ባሰበት። ገመዱን እኔ ጎትቼ አወጣለሁ፣ እሱ ውሃው ላይ በተዘረጋው የእንጨት መድረክ ተቀምጦ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። ከዚያ «ለስላሳ» ይላል፤ እኔ ፎቶ አንስቼ እልካለሁ።

«ነጥባችን?»

«አረንጓዴ!»

«እሰይ።»

እኔም ወዲያው እቀጥላለሁ፦ «እሰይ ትላለህ፣ እግሬ በሰበሰ እኮ! በስተርጅና ለቀንድ አውጣ ልሙትልህ?»

«ዛጎል ነው፣ ቀንድ አውጣ አይደለም።»

«ሁለቱንም አልበላቸውም!»

ቤት እስክንደርስ፣ ደርሰንም ጫማዬን በር ላይ አውልቄ እስክወረውር ድረስ አጉረመርማለሁ። እሱ ይስቃል። የደስታችን አሠራር እንዲህ ነበር፤ ከሌላው ሰው ቤት የተለየ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ከዚያ በፊት፣ ወንድሙ ሲሞት የተደወለው ለእኔ ነው። ደንቡ እንዲህ ነው፤ መርዶ ለሐዘንተኛው በስልክ አይነገርም። ለቅርብ ሰው ይነገራል፣ ቅርቡ ሰው ለሽማግሌ ይነግራል፣ ሽማግሌ ሰው ሰብስቦ ጎሕ ሲቀድ በር ያንኳኳል። ኦሃዮ ደግሞ ሁሉም ሰው ሺፍት ስላለው ቅዳሜ ይጠበቃል። ወንድምየው በሳምንቱ መጀመሪያ ሞቶ ባለቤቴ እስከ ቅዳሜ አልተረዳም። በመካከሉ ምሳውን ቋጠርኩለት፣ ሸሚዙን ተኮስኩለት፣ ስለ ወንድሙ ሲያወራኝ ራሴን ነቀነቅኩለት። አንድ ቀን የሐይቃችንን ፎቶ ለወንድሙ ላከና «ምነው አላየውም? ኔትወርክ ጠፍቶ ይሆናል» አለኝ።

«ይሆናል» አልኩት።

ቅዳሜ ንጋት ላይ መጋረጃውን ገለጠ። ፎረስት ፓርክ ያለው ቤታችን ፊት መኪኖች ተደርድረዋል። ያን ጊዜ ዓይኑ ገና ያያል። ጋሼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከመኪናቸው ሲወርዱ አያቸውና፣ በሩ ሳይንኳኳ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አልጮኸም። ዞሮ እኔን አየኝ፤ ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ከፊቴ አልጠፋም።

ለቅሶው አልፎ ሰው ከተበተነ በኋላ «ምሳ ቋጠርሽልኝ» አለኝ።

«ደንቡ ነው። እንዲሁ እንዳትደነግጥ ብለን ነው።»

«ያን ሁሉ ቀን አንቺ ብቻሽን ስታለቅሺ፣ እኔ እየሳቅኩ ምሳዬን በላሁ። ሁለተኛ እንዳትደብቂኝ። ማንም ይሙት፣ ምንም ይሁን።»

«እሺ» አልኩት። እሺ ስል ከልቤ ነበር።

ከዚያ ኩላሊቱ ታመመ፤ ዲያሊስሱን ብዙ ታገለው፣ በመጨረሻ ልቡ አልችል አለ። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ቤቱ ይረፍ ብለው ሸኙን። እኔ እንጀራዬ የሰው አባትና እናት ማስታመም ነው፤ በየቤቱ እየዞርኩ ስንት ፈረንጅ አጥቤያለሁ፣ ስንቱን ሸኝቻለሁ። የራስ ሲሆን ግን ያ ሁሉ ልምድ ገደል ይገባል። ሥራ አቋረጥኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

አልጋ ላይ ሆኖ የሚጠይቀኝ ስለ መድኃኒቱ አልነበረም። «ገመዱን ቼክ አደረግሽ?» ነበር። ሐይቋን ለማን እንደሚተዋት ያስጨንቀው ነበር መሰለኝ፤ እሷ አረንጓዴ ሆና ከቆየች አንድ ነገር ጠብቆ እንደሄደ ይቆጥረዋል። ይህን በግልጽ አልነገረኝም። እኔ ግን ከእሱ ጋር ከመኖር ብዛት አውቀዋለሁ።

እንቁጣጣሽ ሰሞን ነበር። ልጃችን ከምትኖርበት ከዋይንላንድ ፓርክ መጥታ አጠገቡ ስትቀመጥ፣ እኔ ብቻዬን ወደ ሐይቁ ሄድኩ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር መድረኩ ላይ ውሃ አቁሯል፤ እግሬ ወዲያው ራሰ። ገመዱን ጎትቼ አወጣሁና እንደሱ ዓይኔን ጨፍኜ የመጀመሪያውን ቧንቧ ዳሰስኩ። ሻከረኝ። አሸዋ ነው ብዬ አጠብኩት። ደግሜ ዳሰስኩት። ሻከረኝ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። በክንዴ ውስጠኛ በኩል ሞከርኩት፤ እዚያማ ይበልጥ ተሰማኝ። እግዚአብሔርን ተቆጣሁት፤ አዎ፣ ተቆጣሁት። ሌላ ጊዜ አጥተህ ነው አልኩት። ከዚያ ፎቶ አንስቼ፣ ይህን ሥራ የምታስተባብረውን ወጣት አሜሪካዊት ኮል አደረግኳት። ወዲያው መጣች፣ ከቧንቧው ላይ ፍቃ በትንሽ ጠርሙስ ወሰደች። ፊቷን ሳየው ውጤቱ እስኪመጣ መጠበቅ አላስፈለገኝም።

ቤት ገባሁ። ጫማዬን በር ላይ አወለቅኩ።

«ነጥባችን?» አለኝ ከአልጋው።

«አረንጓዴ።»

«እሰይ» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

«ሻይ ላፍላልህ?» አልኩት።

ለምን ዋሸሁ? እሺ ያልኩትን ረስቼ አይደለም። ለበሽተኛ መርዶ አይነገርም፤ ይህን ከእናቴ ወተት ጋር ነው የጠጣሁት። ከጥቂት ቀናት በኋላ አስተባባሪዋ ደውላ ተረጋገጠ ስትለኝ፣ ወደ መኪናዬ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ለአንድ የመናፈሻ ሐይቅ እንዲህ አለቅሳለሁ ብሎ ማን ያስብ ነበር? እሷ ደግሞ መጥታ ልታመሰግነው፣ ሁሉንም በራሷ አፍ ልትነግረው ፈለገች። ባትነግሪው ይሻላል አልኳት። አልገባትም። እንዴት ላስረዳት? ሰው ሳይሞት ሐይቅ ሞተ ብሎ መርዶ የሚደብቅ ሕዝብ ነን ልበላት?

ለጋሼ ደወልኩላቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ልጄ፣ ለበሽተኛ አይነገርም። ሐይቅም ቢሆን አይነገርም» አሉኝ። ልጃችን ግን በቁጣ «ማም፣ ሂ ሃዝ ኤ ራይት ቱ ኖው» አለችኝ፤ የማወቅ መብት አለው ማለቷ ነው። መብቱንስ አልካድኩም። መብቱን ይዞ በሰላም ባይሄድስ? ይህን ስላት እሷም አልቅሳ እሺ አለች። ስለዚህ ሦስታችን ተስማማን። በጥቅምት ወር ገመዱን ሳወጣ ሕፃናቱ ዛጎሎች አድገው ዝንጉርጉራቸው ይታይ ነበር። ቤት ገብቼ «አረንጓዴ» አልኩ። እሰይ አለ።

ከዚያ መጠየቅ ተወ። ረስቶታል ብዬ ተመስገን አልኩ።

አንድ ጠዋት ፊቱን ስጠርግለት እጄን ያዘኝ።

«ቀልታለች አይደል?» አለኝ።

«ምኗ?»

«ነጥቧ።»

ፎጣው ከእጄ ወደቀ። «ማነው የነገረህ? ልጃችን ናት? ጋሼ ናቸው?»

«አንቺ ነሽ።»

«እኔ ትንፍሽ አላልኩም!»

«እሱ ነዋ» አለ። ድምፁ ደክሟል፤ ግን ሊስቅ ሲል የሚያደርገውን አፉን አደረገ። «ያን ቀን ዘንቦ ነበር። ስትገቢ ስለ እግርሽ አላማረርሽም። ጫማሽን ቀስ ብለሽ አስቀመጥሽው። ከዚያ ሻይ ላፍላልህ አልሽኝ። አንቺ ከሐይቅ ተመልሰሽ ደግ ሆነሽ ታውቂያለሽ?»

ሳቅ አመለጠኝ፤ ሳቁ ሳያልቅ ልቅሶ ሆነ። እሱ እጄን አለቀቀም።

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ለበሽተኛ መርዶ አይነገርም ብለሽ ነው አይደል የደበቅሽኝ? እኔ ደግሞ ለአስታማሚም አይነገርም ብዬ ነው። አንቺ ልታረጂኝ አቃተሽ፣ እኔስ እንዴት ላርዳሽ? ሲመሽ ሲነጋ ወጥ ቤት ውስጥ አፍንጫሽን ስትጠርጊ እሰማለሁ። ሽንኩርት እንዳልከተፍሽ አውቃለሁ።»

«ይቅር በለኝ።»

«እኔም እኮ ደብቄሻለሁ። እኩል ነን።» ከዚያ «ግን አየሽ፣ አብረን ልናለቅስላት ስንችል ያን ሁሉ ጊዜ አባከንነው» አለኝ።

ይህን ሲል የተሰማኝን እስከ ዛሬ መሸከም አልቻልኩም። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ግድግዳ ተለያይተን፣ ለአንዲት ሐይቅ ለየብቻችን ስናለቅስ ነው የቀሩንን ቀናት የጨረስናቸው። እሱ እንዳይከፋኝ ሳል አስመስሎ ያለቅሳል፣ እኔ እንዳይከፋው ቧንቧ ከፍቼ አለቅሳለሁ። ደንብ ነው፣ ፍቅርም ነው፤ ግን ሌባ ነው።

«በይ አሁን ነይ እናልቅስላት» አለኝ።

ጫማዬን አውልቄ አጠገቡ ተጋደምኩ። አለቀስንላት። ወንድሙንም ደርበን አለቀስነው፤ ያኔ በወጉ አብረን እንዳላለቀስነው የገባኝ ያን ጠዋት ነው። ስለ ጣና አወራኝ፤ ሐምራዊውን አበባ ያምራል ስላልኩት አሁንም እንዳልተወልኝ ነገረኝ። ልጃችን ገብታ አየችንና ምንም ሳትጠይቅ ከእግራችን በኩል ተቀመጠች።

በዚያው ሳምንት አረፈ። የእሱን መርዶ ማንም አላረዳኝም፤ እጁን ይዤ ነበር።

ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላስታውስም። በረዶው ሲቀልጥ አስተባባሪዋ ደወለችልኝ። ከዚያኛው ወደ ምሥራቅ የሚገኝ ሌላ ትንሽ ሐይቅ አለ፣ እስካሁን አረንጓዴ ነው፣ ገመድ የሚያንጠለጥል ሰው ግን የለውም አለችኝ። ልከለክላት ነበር። አፌ «እሺ» አለ። በመንገዴ የኛዋ ሐይቅ ጋ ቆምኩ። ውሃዋ ጠርቶ ጠርቶ ከታች ያለው ድንጋይ ሁሉ ይታያል፤ እነዚያ ዛጎሎች የውሃውን ቀለብ እያጣሩ ስለሚበሉት ነው። ውሻዋን የምታንሸራሽር አንዲት ሴት ቆም ብላ፣ ሐይቁን እንዲህ አምሮ አይቼው አላውቅም አለችኝ። አዎ ያምራል አልኳት።

አዲሱ ሐይቅ ላይ ገመዱን አሰርኩ፣ ጣልኩት፣ ሄድኩ። ከወር በኋላ ተመልሼ አወጣሁት። መድረክ ስለሌለው ዳር ያለው ጭቃ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰመጥኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ዳሰስኩ። ለስላሳ ነበሩ፤ ሁሉም። ፎቶውን ላክሁ። ነጥቧ አረንጓዴ ሆና ቀረች።

ቤት ገባሁ። አልጋው ከተወሰደ ቆይቷል፤ ክፍሉ ውስጥ የቀረ ነገር ቢኖር ወንበሩ ነው። በር ላይ ቆሜ የራሰውን ጫማዬን አወለቅኩና፣ እንደ ድሮዬ ግድግዳው እስኪጮህ ወረወርኩት።

«እግሬ በሰበሰ እኮ!» ብዬ ጮህኩ፣ ድምፄን የቻልኩትን ያህል ከፍ አድርጌ። «በስተርጅና ለቀንድ አውጣ ልሙትልህ?»

ዛጎል ነው የሚለኝ ሰው ጠበቅኩ።